የትልቁ ቤት ጓዳ

 ባለፈው ጊዜ ስለ ቤት ወጪ አያያዝ የጀመርነውን ለመቀጠል ቃል ገብቼላችሁ ነበር። ዛሬ ግን ይቅርታችሁን ጠይቄ ስለ አንድ ፕሬዚዳንት ቤት ልጽፍላችሁ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ከቤት ወጪ ብዙም እንዳልራቅሁ ታያላችሁ።

ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ በሚባለው ግዛት ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ ሰው ነው። ለትንሣኤ በዓል ወደ ሐይቅ መጣና ሦስት ሳምንት ከእኛ ጋር ሰነበተ። አንድ ማታ እራት በልተን፣ ቡናው ተቆልቶ ሳለ፣ ስልኩን አውጥቶ ለልጆቼ ፎቶ ያሳያቸው ጀመር። በቀይ ጡብ የተሠራ፣ ፊት ለፊቱ ዓምዶች የቆሙለት፣ አናቱ ላይ ነጭ ጉልላት ያለው ውብ ቤት ነው። ኮረብታ ላይ ተቀምጧል፤ ዙሪያው ሣርና አበባ ነው። ከቤተ ክርስቲያናቸው ባለትዳሮች ጋር ሄደው ጎብኝተውታል።

«የማን ቤት ነው ወንድም ጋሼ?» አልሁት።

«የፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን። ሞንቲቼሎ ይባላል።»

ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. ከ1801 እስከ 1809 አሜሪካን የመራ ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ነው። ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል የሚለውን የ1776ቱን የነጻነት መግለጫ የጻፈውም እርሱ ነው። የቤቱን ንድፍ ራሱ አወጣ፤ ሲሠራ፣ ሲያፈርስ፣ እንደገና ሲሠራ አርባ ዓመት ያህል ፈጀ። (ቤት ጀምረን አላልቅ ያለን ሰዎች እንጽናና።) በዙሪያው ወደ 2,000 ሄክታር የሚደርስ እርሻ ነበረው፤ መጀመሪያ ትምባሆ፣ በኋላ ደግሞ ስንዴ ይመረትበት ነበር።

ልጆቼን ከሁሉ ያስገረማቸው የመመገቢያው ክፍል ነው። በእሳት ምድጃው ጎን ትንንሽ በሮች አሉ፤ ሲከፈቱ የወይን ጠርሙስ ከምድር ቤት በመዘውር ወደ ላይ ይወጣል። ሌላም በር አለ፤ መሐሉ ላይ በዘንግ የሚሽከረከር፣ በአንድ ወገኑ መደርደሪያ የተገጠመለት። ከውጭ ያሉት ሰዎች ሳህኑን መደርደሪያው ላይ ይደረድሩና በሩን ያዞሩታል። ምግቡ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያቀረበው ሰው ግን አይታይም። እንግዶቹ ስለ መጻሕፍትና ስለ ነጻነት ሲጫወቱ ያመሻሉ።

ትንሹ ልጄ «እኛም ቤት እንሥራ!» ብሎ ዘለለ። ባለቤቴ የታሪክ አስተማሪ ነው፤ ነገር አያልፈውም። «ጠርሙሱን ከታች የሚያስገባው ማን ነው?» አለ።

ወንድሜ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እሱን ልነግራችሁ ነበር» አለ።

ጄፈርሰን በዕድሜው ሙሉ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። በሞንቲቼሎ ብቻ በአንድ ጊዜ እስከ 130 የሚደርሱ ይኖሩ ነበር። ከቤቱ ዝቅ ብሎ ጎጆአቸውና የሥራ ቤቶቻቸው ተሰልፈው ይታያሉ። አንዱ ምስማር የሚሠራበት ነው፤ ሠራተኞቹ ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ወንዶች ልጆች ነበሩ። አስጎብኚዋ እነዚህን ሰዎች አንድም ጊዜ «ባሪያዎች» ብላ አልጠራቻቸውም፤ «በባርነት የተያዙ ሰዎች» ነበር የምትለው። ወንድሜ ልዩነቱ የገባው ወደ ቤቱ ሲመለስ መኪና ውስጥ መሆኑን ነገረን።

ከሁሉ የወጥ ቤቷን ሴት ታሪክ ደጋግሞ አነሣ። ኢዲት ፎሴት ትባላለች። ጄፈርሰን ፕሬዚዳንት ሳለ ዋሽንግተን ወስዶ ከፈረንሳዊ ወጥ ሠሪ እጅ ሙያ አስተማራት፤ በኋላ የሞንቲቼሎን ወጥ ቤት የምትመራው እርሷ ሆነች። ያንን የሚሽከረከር በር አልፎ የሚገባው ምግብ የእጇ ሥራ ነው። ባሏ ጆሴፍ አንጥረኛ ነበር። ጄፈርሰን ሐምሌ 4 ቀን 1826 እ.ኤ.አ. ሲሞት ከ100,000 ዶላር በላይ ዕዳ ትቶ ሞተ። ኑዛዜው ለጆሴፍ ነጻነት ሰጠው፤ ለሚስቱና ለልጆቹ ግን አልሰጠም። በጥር 1827 ዕዳውን ለመክፈል 130 ሰዎች ለጨረታ ቀረቡ። ባል ነጻ ሊወጣ ወራት ሲቀሩት ሚስቱና ልጆቹ በገበያ ተሸጡ። ጆሴፍ ብረት እየቀጠቀጠ ገንዘብ አጠራቀመ፤ እ.ኤ.አ. በ1837 ኢዲትንና አንዳንድ ልጆቻቸውን በሕግ ፊት ነጻ አወጣቸው። ፒተር የተባለው ልጃቸው ሲሸጥ 11 ዓመቱ ነበር፤ ነጻ እስኪወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። ከዚያ በሲንሲናቲ ከተማ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1900፣ በሽምግልናው፣ ያንን ቤት ተመልሶ ጎበኘው።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወንድሜ አንድ ነገር ጨመረልን። በዚያ ቤት ሳሊ ሄሚንግስ የምትባል በባርነት የተያዘች ሴት ነበረች፤ ለጄፈርሰን ሟች ሚስት በአባት እኅቷ ናት። ታሪክ አጥኚዎች ከጄፈርሰን ስድስት ልጆች እንደወለደች ይናገራሉ። ቤቱን ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተዳድረው ማኅበር ነገሩን ለረጅም ጊዜ ሲሸሽ ኖሮ ዛሬ ለጎብኚ በግልጽ ይነግራል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ እርሷ የሚናገር ክፍል ከፍቷል። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነበር ብሎ ማዘን ይቻላል። ሴቲቱ ግን እምቢ ለማለት መብት አልነበራትም፤ እኔ ከዚያ ወዲያ ያለውን ክርክር አልሰማም።

አሁን ወደ ቡናው ልመልሳችሁ። ቡናውን የምታፈላው ቤታችን የምትሠራው ልጅ ናት። አገሯ አምባሰል፣ ከውጫሌ ወዲያ ደጋው ላይ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ስለ ኢዲት ሲወራ ሁለተኛውን እየቀዳች ነበርና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ሰዎቹ ደመወዝ አልነበራቸውም እንዴ?» አለችኝ።

«ባሪያ ምን ደመወዝ አለው ብለሽ ነው።»

«ምግብና ልብስ ግን ይሰጧቸዋል?»

«አዎ፣ እሱስ ይሰጧቸዋል።»

«እ...» አለችና ሲኒውን ለወንድሜ አቀበለችው። እኔም ዝም አልሁ።

በማግሥቱ ባለቤቴ ወንድሜን ይቀልድበት ጀመር። «ባሕር ተሻግረህ የፕሬዚዳንት ቤት ስታይ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ተጉዘህ አይጠየፍን አላየህም!» ቅዳሜ ዕለት ተሰብስበን ወደ ደሴ ተጓዝን። ልጅቷም ትንሹን እንድትይዝልን አብራን ሄደች።

አይጠየፍ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ንጉሡ ሲወለዱ ስማቸው መሐመድ አሊ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ ክርስትና ተነሡና ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ናቸው። ከተንታ ወደ ደሴ መጥተው ከተማውን መቀመጫቸው አደረጉ። የዐፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ፤ በ1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ የንግሥና ዘውድ ደፉ።

ስሙን እስቲ አስተውሉት። አይጠየፍ። ማንንም የማይንቅ፣ ከማንም ጋር መብላት የማያስጸይፈው ማለት ነው። ጌታውም ወታደሩም ድሃውም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚበሉበት ቤት ተብሎ የወጣለት ስም ነው። ለዚያውም በወሎ! ጎረቤት ከጎረቤት እንደ ወንድማማች ሆኖ የእስላሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ግን ለየብቻ በሚታረድበት አገር። (ሐይቅ ውስጥ ሠርግ ሲጠሩን «ጴንጤዎቹ ከየትኛው ነው የሚበሉት?» ብለው የተቸገሩልን ጎረቤቶች አሉን። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከሁለቱም አቅርበውልናል።) ስሙ ደስ አለኝ። ከጄፈርሰን የሚሽከረከር በር የኛ ይሻላል ብዬ ኮራሁ ማለት ይቻላል።

ባለቤቴ ግን መምህር ነው አላልኋችሁም? የዚያን ዘመን የግብር ሥርዓት ይነግረን ገባ። መጀመሪያ ጌታው ከታላላቆቹ ጋር መጋረጃ ተጋርዶ ይበላል። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ሠራዊቱ በማዕረጉ፣ በተራ በተራው ይገባል። አጋፋሪው ያስገባል፣ አሳላፊው ያቀርባል። ጥሬ ሥጋው፣ ጠጁ እንደ ጉድ ነው። «አንድ ነገር ልብ በሉ» አለ። «ገበሬው ለጌታው የሚከፍለው ማር፣ እህልና ሙክት ስሙ ግብር ነው። ጌታው ለሰው የሚያበላው ድግስም ስሙ ግብር ነው። ያው ነው፤ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው የሚወጣ።»

ስንት ጊዜ «ግብር አገባ»፣ «ግብር አበላ» ስል ኖሬ ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸው ለካ አልታየኝም ነበር። ሞንቲቼሎ እርሻውም ባለቤቱም በአንድ ኮረብታ ላይ ናቸው፤ ጎብኚው ከመመገቢያው ክፍል ወጥቶ ጎጆዎቹን ማየት ይችላል። የኛ አዳራሽ እርሻው ከደጁ አልነበረም። ማሩም ጤፉም ከየአውራጃው በገባር ትከሻና በአህያ ጀርባ የሚመጣ ነው። ያ ሥርዓት ጨርሶ የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ነው።

ጓዳውስ? ሺህ ሰው የሚበላበት አዳራሽ ካለ ከበስተጀርባው ሌሊቱን ሙሉ ወፍጮ ላይ የምታጎነብስ ፈጪ አለች፤ እንጀራ ጋጋሪ፣ ጠጅ ጣይ፣ ውኃ ቀጂ፣ እንጨት ለቃሚ አለ። በዚያ ዘመን በየመኳንንቱ ቤት ባሪያ ማሳደር የተለመደ ነበር። ባርነትን የሚገድብ አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ በሕግ የተሻረው ግን ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን ቤቶች አንድ ላድርግ ማለቴ አይደለም። ገባር የሚታረስ መሬት እንጂ ጨረታ ላይ የሚቆም ዕቃ አልነበረም። ነገር ግን የኢዲት ፎሴትን ስም፣ ሙያዋን፣ የልጆቿን ዕጣ ቨርጂኒያ ላይ ሄዶ መስማት ይቻላል። የአይጠየፍን ፈጪዎች ስም የጠራልኝ ሰው የለም።

ባለቤቴ ወደ ልጅቷ ዘወር ብሎ፣ «አንቺ እኮ የእቴጌ መነን አገር ሰው ነሽ» አላት። ፈገግ አለች። እቴጌ መነን በ1883 ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ የተወለዱ ናቸው። አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን ናቸው፤ በደሴው ትምህርት ቤት ስማቸው የሚጠራው ማለት ነው። መነን ገና በልጅነታቸው ለመኳንንት ተዳሩ፤ ከዚያ ትዳር ወጥተው ሌላ ገቡ፤ ልጆችም ወለዱ። በ1903 ዓ.ም. አጎታቸው ልጅ ኢያሱ አስማምተው ለደጃዝማች ተፈሪ፣ ለኋላው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ዳሯቸው። ይህኛው ትዳር ሃምሳ ዓመት ጸና። ግን አስቡት፤ በተጋቡ በስድስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት 1909 ዓ.ም.፣ ሰገሌ ላይ ጦርነት ሆነ። አያት በአንድ ወገን፣ ባል በሌላ ወገን ተሰለፉ። ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ፣ በ1910 ዓ.ም. እንደ ታሰሩ ሞቱ። የዚያን ሰሞን የዚያች ሴት መኝታ ቤት ምን ይመስል ነበር? ባለትዳሮች ስንጣላ የምናነሣው «የአንተ ወገን፣ የእኔ ወገን» የሚባለው ነገር ልጅ ጨዋታ ሆነብኝ።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ጸጥ ብላ ሰማች። በመጨረሻ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «መጀመሪያ ሲዳሩ ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ልጅ ነበሩ» አላት ባለቤቴ።

ለምን እንደጠየቀች እኔ አውቃለሁ። ይህቺ ልጅ ወደ እኛ የመጣችው ሽማግሌ ተልኮባት ነው። አባቷ ለመዳር አልፈለገም፤ በዘመድ በኩል ወደ እኔ አምጥቶ፣ «አደራ፣ እየሠራች ትማርልኝ» ብሎ ሰጠኝ። እኔም በጸሎት ተቀበልኋት። አንድ መስከረም አለፈ። ያን ጊዜ ትንሹ ልጄ ታሞ ስለነበር «የሚቀጥለው ዓመት ትገቢያለሽ» አልኋት።

ምሳ ልንበላ ምግብ ቤት ገባን። ጠረጴዛው ለአምስት ነበር፤ እኛ ከልጆቹ ጋር አምስት ነን። «እኔ አልራበኝም፣ ትንሹን ውጭ ላጫውተው» አለች። እኔም «እሺ» አልሁ። ገና ከአይጠየፍ በር መመለሳችን ነው እንግዲህ። ወንድሜ ምንም አልተናገረም፤ ብድግ ብሎ ከሌላ ጠረጴዛ ወንበር ጎትቶ አመጣ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነሥቼ የቤት ወጪ የምጽፍበትን ደብተር ገለጥሁ። ያው ከወር ወር ያስተማርኋችሁ ደብተር ነው። የስኳር፣ የዘይት፣ የመብራት፣ ዐሥራት፣ ሁሉም አለ። የልጅቷ ደመወዝ ግን የለም። «በእጅሽ ከሰጠሁሽ ታጠፊዋለሽ፣ እኔ ላስቀምጥልሽ» ብያት ነበር፤ እርሷም እሺ ብላኝ ነበር። ወሩን ቆጠርሁት። አሥራ አራት ወር።

ጠዋት ለባለቤቴ ነገርሁት። «ታዲያ በአደራ ነው የተቀመጠው» አለኝ።

«የት?»

ዝም አለ። የጣሪያውን ቆርቆሮ ስንለውጥ የሄደው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ደብዳቤ የምትጽፉልኝ እኅቶቼ፣ ከምትልኩልኝ ውስጥ ብዙው ስለ ሠራተኛ ነው። ሳትናገር ጠፋች፣ አመል አወጣች፣ ዓረብ አገር ልሂድ ብላ ጥላኝ ወጣች። እኔም መልስ ስሰጥ ኖሬአለሁ። በእኛ አካባቢ ልጇን ወይም እኅቷን ወደ ዓረብ አገር ያልሸኘች ቤት ጥቂት ናት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ቤይሩት ላይ አሠሪዎች ያገሬን ልጆች ያለ ደመወዛቸው ቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ በሴቶች ኅብረት ተንበርክከን ያነባነውን አስታውሳለሁ። «ደመወዟን ይዛባታለች፣ ጌታ ሆይ ፍረድ» ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ የጸለይሁት እኔ ነኝ። ይህቺ ልጅ ያን ጊዜ ገና አልመጣችም ነበር። ግን ጸሎቱን ዛሬም ብጸልየው በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ እኔና ባለቤቴ ጠርተናት ተቀመጥን። ደብተሩን አሳየናት። ገንዘቡ እጃችን ላይ እንደሌለ፣ ለምን እንደዋለ፣ በሦስት ዙር እንደምንከፍላት ነገርናት። ይቅርታ ስጠይቃት ደነገጠች። «እኔ እኮ አልጠየቅሁዎትም እትዬ» አለች።

«አልጠየቅሽም» አልኋት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ወንድሜ የመጀመሪያውን ዙር እኔ ልሙላ ቢል ባለቤቴ እምቢ አለ፤ በዚህ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። የራሳችን ዕዳ ነው። ለአባቷም ስልክ ደወልሁ። እሱን ማውራት ከሁሉ ከበደኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕድ ላይ አብራን እንድትቀመጥ አደረግን። በሦስተኛው ቀን ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣችና፣ «እትዬ፣ ቅር ካላለዎት ማጀት ብበላ ይሻለኛል፤ እዚያ እንደ ልቤ ነው የምበላው» አለች። ተከፋሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድሁም። ባለቤቴ ነው «ተያት፣ በፈለገችበት ትብላ፤ እኛ የተበደርናት ወንበር አይደለም» ያለኝ። አሁን አንዳንድ ቀን ከእኛ ጋር፣ አንዳንድ ቀን ማጀት ሬዲዮዋን ከፍታ ትበላለች።

ለማታ ትምህርት አስመዝግበናታል። ማታ ማታ ራቱን የምንሠራው እኔና ትልቋ ልጄ ነን፤ ወጡ እንደ እርሷ አልሆነም። ሁለቱ ዙር ተከፍሏል። የመጨረሻው ለጥቅምት ነው፤ ደብተሩ ላይ ከዐሥራቱ በላይ ጽፌዋለሁ።